ቃር ሲመላለስ፦ ሕመሙን ስለ መለየትና ስለ ማከም

ቃር አልፎ አልፎ የማይነሳበት ሰው ጥቂት ነው። በድግስ ማግስት፣ ቅባት ከበዛበት እራት በኋላ፣ ወይም በእርግዝና የመጨረሻ ወራት ደረት ቢያቃጥል ብዙ አያስደነግጥም፤ ድግሱ ሲያልፍ፣ እናቲቱም ስትገላገል አብሮ ያልፋል። እዚህ የምንማረው ስለማያልፈው ቃር ነው። በሳምንት 2 ቀንና ከዚያ በላይ የሚመላለስ፣ እንቅልፍ የሚነሳ፣ ምግብ የሚያስፈራ ቃር በሽታ ነውና እንደ በሽታ ሊያዝ ይገባዋል።

ከሁሉ በፊት አንድ ነገር በደንብ እንያዝ፤ ቀሪው ትምህርት የሚቆመው በእሱ ላይ ነው። ቃር የሚመላለስበት ሰው ጨጓራው የሚያመነጨው አሲድ አብዛኛውን ጊዜ ከጤነኛ ሰው አይበልጥም። ችግሩ አሲዱ መገኘት በሌለበት ቦታ መገኘቱ ነው።

ጨጓራ በቀን 2 ሊትር ገደማ ጭማቂ ያመነጫል። ጭማቂው ሥጋን የሚያሟሟ ጠንካራ አሲድ ያለበት ሲሆን፣ ጨጓራ ራሱን የሚከላከለው ግድግዳውን በሸፈነ ወፍራም ዝልግልግ ፈሳሽ ነው። ከአፍ ወደ ጨጓራ የሚወርደው የምግብ ቧንቧ ግን እንዲህ ያለ ሽፋን የለውም። በሁለቱ መገናኛ ላይ ከ3 እስከ 4 ሴንቲ ሜትር የሚረዝም ቀለበት መሰል ጡንቻ አለ። ደረትንና ሆድን የሚለየው ድያፍራም ደግሞ ይህን ጡንቻ ከውጭ አቅፎ ያጠብቀዋል። ሁለቱ ተባብረው እንደ በር ያገለግላሉ፦ ስንውጥ ይከፈታል፣ ምግቡን ካሳለፈ በኋላ ይዘጋል።

በሩ ሳንውጥም የሚከፈትበት ጊዜ አለ። ጨጓራ በምግብና በአየር ሲወጠር ጡንቻው ለሰከንዶች ላላ ብሎ አየሩን ያስወጣል፤ የምናገሳው በዚህ ምክንያት ነው። ይህ በማንኛውም ጤነኛ ሰው ላይ የሚሆን ነገር ነው። ቃር በሚያሠቃየው ሰው ላይ ግን ከአየሩ ጋር አሲዱም ይወጣል። የጨጓራው የላይኛው ክፍል በድያፍራሙ ቀዳዳ በኩል ወደ ደረት ተንሸራትቶ ከሆነ፣ ሐኪሞች ሂያታል ኸርኒያ የሚሉት ማለት ነው፣ ጡንቻውና ድያፍራሙ ስለሚለያዩ በሩ ይበልጥ ይላላል። ሆድ አካባቢ የተከማቸ ስብም ጨጓራን ከታች እየገፋ ያስጨንቀዋል።

ሌሊቱ ለምን እንደሚከፋ ከዚህ እንረዳለን። ቀን ላይ ወደ ላይ የወጣውን አሲድ የመሬት ስበት ወደ ታች ይመልሰዋል፤ የምንውጠው ምራቅም የቀረውን ያጥበዋል፣ ያበርደዋልም። እንቅልፍ ሲወስደን ምራቅ ይቀንሳል፣ መዋጥም የለም ለማለት ይቻላል፤ ሰውነቱም ጋደም ብሏል። በዚያን ሰዓት የወጣ አሲድ ለረጅም ጊዜ እዚያው ይቆያል፤ ቧንቧውን የሚያቆስለውም በብዛት ይህ የሌሊቱ ነው።

አሁን ወደ መለየቱ እንምጣ። በአገራችን ከደረት በታች ለሚሰማ ሕመም ሁሉ ያለን ስም አንድ ነው፦ «ጨጓራ»። የጨጓራ ቁስለት፣ የጨጓራ ብግነት፣ የሐሞት ጠጠር፣ ቃርም ሁሉም በዚህ ስም ይጠራሉ፤ ሕክምናቸው ግን የተለያየ ነው። በተለይ ሄሊኮባክተር ፓይሎሪ የተባለው ባክቴሪያ ጉዳይ መጥራት አለበት። ባሪ ማርሻልና ሮቢን ዋረን የተባሉት አውስትራሊያውያን ይህ ባክቴሪያ የጨጓራ ብግነትንና ቁስለትን እንደሚያመጣ በማሳየታቸው እ.ኤ.አ. በ2005 የኖቤል ሽልማት ተቀብለዋል። ለጨጓራ ካንሰርም ዋና መንስኤ ስለሆነ ከተገኘ መታከሙ ተገቢ ነው። ቃርን ግን አያመጣም፤ ባክቴሪያው ስለጠፋ ቃሩ ይጠፋል ብሎ መጠበቅም አይገባም። አንቲባዮቲኩን ጨርሰው ደረታቸው ማቃጠሉን ሲቀጥል «ባክቴሪያው አልሞተም» ብለው ሁለተኛ ሦስተኛ ዙር የሚወስዱ ሰዎች አሉ፤ እንዲህ ያለው ድግግሞሽ ባክቴሪያውን መድኃኒት ከማለማመድ በቀር ጥቅም የለውም። በደም የሚደረገው ምርመራ ሰውነት ያዘጋጀውን መከላከያ ስለሚያይ ከዳኑ በኋላም ለረጅም ጊዜ «አለ» ሊል ይችላል። መዳንን የሚያረጋግጠው የሰገራ ወይም የትንፋሽ ምርመራ ነው፤ እሱም አንቲባዮቲክ ካለቀ 4 ሳምንት፣ አሲድ የሚቀንሱት ኦሜፕራዞልና መሰሎቹ ከተቋረጡ ደግሞ 2 ሳምንት ሲያልፍ ካልተደረገ ያሳስታል።

የቃር ምርመራ የሚጀምረው በመሣሪያ ሳይሆን በጥያቄ ነው። አንዲት የ50 ዓመት እናት ሐኪም ፊት ተቀምጠዋል እንበል።

«ምን ያስቸግርዎታል፣ እናቴ?»

«ጨጓራ ነው፣ ዶክተር። ስንት ዓመቱ!»

«እስቲ የሚያምዎትን ቦታ በእጅዎ ያሳዩኝ።»

መዳፋቸውን ዘርግተው ከእምብርታቸው በላይ ያስቀምጡና ወደ ላይ፣ በደረታቸው መሐል እስከ ጉሮሯቸው ድረስ ይስቡታል።

«መቼ ነው የሚብስብዎት?»

«ማታ ጋደም ስል። ጎንበስ ብዬ ስጠርግ ደግሞ ጎምዛዛ ውሃ አፌ ድረስ ይመጣል።»

«ምግብ ሲውጡ ይይዝዎታል? ከስተዋል? ሰገራዎ ጠቁሮ ያውቃል?»

«ኧረ የለም።»

«መድኃኒትስ?»

ከቦርሳቸው ግማሹ ያለቀ የኦሜፕራዞል እሽግ ያወጣሉ። «ማታ ከራት በኋላ ሲያቃጥለኝ አንድ እውጣለሁ። ሲተወኝ እተወዋለሁ።»

በእነዚህ ጥቂት መልሶች ውስጥ ምርመራው በአብዛኛው አልቋል። ወደ ላይ የሚሄደው መዳፍ፣ ሲጋደሙና ሲጎነበሱ መባሱ፣ ጎምዛዛው ውሃ፣ ሦስቱ ሲገጥሙ ቃር የመሆኑ ዕድል ትልቅ ነው። የቁስለት ሕመም ብዙ ጊዜ በአንድ ጣት የሚጠቆም፣ ከእምብርት በላይ የሚቆይ ነው። ሕመሙ ደረጃ ሲወጡ ወይም ሲራመዱ የሚመጣ፣ ሲያርፉ የሚተው፣ ወደ ክንድ ወይም መንጋጋ የሚዘልቅ፣ ላብና የትንፋሽ ማጠር ያለበት ከሆነ ግን ሐኪሙ ስለ ቃር ማሰቡን ትቶ ልብን መመርመር አለበት። የልብ ድካም ወይም ስኳር ባለበት ሰው ይህ ጥንቃቄ እጥፍ ይሆናል።

ከላይ ያሉት እናት መድኃኒቱን አልወሰዱም ቢባል ይቀላል። ኦሜፕራዞል፣ ኢሶሜፕራዞል፣ ፓንቶፕራዞልና መሰሎቻቸው አሲድ የሚያመነጩትን ጥቃቅን ፓምፖች የሚዘጉ መድኃኒቶች ናቸው። የሚዘጉት ግን በሥራ ላይ ያለውን ፓምፕ ብቻ ነው፤ ፓምፖቹ ደግሞ የሚነሱት ምግብ ሲገባ ነው። መድኃኒቱ በደም ውስጥ የሚቆየው ለጥቂት ሰዓት ስለሆነ ምግቡ ሲደርስ በደም ውስጥ ዝግጁ ሆኖ መገኘት አለበት። ስለዚህ ከቁርስ በፊት ከ30 እስከ 60 ደቂቃ ቀደም ብሎ ይወሰዳል። ከራት በኋላ፣ በመኝታ ሰዓት የተዋጠ ኪኒን ፓምፖቹን ተኝተው ያገኛቸዋል። ሙሉ ኃይሉን የሚያሳየውም ለተከታታይ ቀናት ከተወሰደ በኋላ ነው እንጂ በዚያው ሌሊት አይደለም፤ «ሲያቃጥለኝ እውጣለሁ» ማለት የማይሠራው ለዚህ ነው። ለድንገተኛ ቃጠሎ የሚታኘከው አሲድ አብራጅ ይሻላል።

አስጊ ምልክት በሌለበት ሰው ላይ ሥርዓቱ እንዲህ ነው፦ መድኃኒቱን በቀን አንድ ጊዜ በትክክለኛው ሰዓት ለ8 ሳምንት መውሰድ። ከተሻለው ቃር ነበረ ለማለት ጥሩ ማስረጃ ነው፤ ከዚያ ይቆምና ይታያል። ካልተሻለው ወይም ሲያቆም ከተመለሰበት ኢንዶስኮፒ ይታዘዛል፤ የሚቻል ከሆነ መድኃኒቱ ከ2 እስከ 4 ሳምንት ከተቋረጠ በኋላ ቢደረግ ይመረጣል፣ ምክንያቱም መድኃኒቱ ያዳነውን ቁስል መሣሪያው ሊያየው አይችልም።

ኢንዶስኮፒ በጫፉ ካሜራ ያለው ቀጭን ቱቦ በአፍ ገብቶ ቧንቧውን፣ ጨጓራውንና የትንሹን አንጀት መጀመሪያ የሚያይበት ምርመራ ነው። የቧንቧው ቁስል በሎስ አንጀለስ መለኪያ ከ«ኤ» እስከ «ዲ» ደረጃ ይሰጠዋል። «ኤ» ከ5 ሚሊ ሜትር የማይበልጥ ጭረት ስለሆነ ብቻውን ብዙ አያስረዳም፤ «ሲ»ና «ዲ» ግን የማያጠራጥር በሽታ ናቸው። አንባቢ እዚህ ላይ ልብ ይበል፦ ቃር ካለባቸው ሰዎች ከግማሽ በላይ በሚሆኑት ኢንዶስኮፒው ምንም ቁስል አያሳይም። «ምንም የለብህም» የሚል ውጤት ይዞ የሚወጣ ታማሚ ሕመሙን ፈጥሮ አወራ ማለት አይደለም። አሲድ ሳያቆስልም ያቃጥላል።

እንዲህ ባለው ሰው ላይ ጥርጣሬው ከቀጠለ ዳኛው የአሲድ ልኬት ነው። ቀጭን ሽቦ በአፍንጫ ገብቶ ለ24 ሰዓት፣ ወይም ቧንቧው ላይ የተለጠፈ ትንሽ ካፕሱል እስከ 96 ሰዓት ድረስ ቧንቧው ምን ያህል ጊዜ በአሲድ እንደተነከረ ይመዘግባል። ከጠቅላላው ጊዜ ከ4 በመቶ በታች ከሆነ ደህና፣ ከ6 በመቶ በላይ ከሆነ በሽታ ነው። በአገራችን በየሆስፒታሉ የሚገኝ ምርመራ አይደለምና ታሪክን በጥንቃቄ መጠየቅና መድኃኒትን በሥርዓት መሞከር እዚህ ከሌላው አገር የበለጠ ክብደት አለው።

ልኬቱ ጤነኛ የሆነ፣ ደረቱ ግን የሚያቃጥለው ሰውም አለ። የእሱ ችግር የቧንቧው ነርቭ ከመጠን በላይ ስሜታዊ መሆኑ ነው። ለእንዲህ ያለው የአሲድ መድኃኒት መጨመር ከንቱ ነው፤ በአነስተኛ መጠን የሚሰጡ እንደ አሚትሪፕቲሊን ያሉ የነርቭ ሕመምን የሚያበርዱ መድኃኒቶች ሊረዱት ይችላሉ።

ስለ ኑሮ ማስተካከል ብዙ ይባላል፤ አብዛኛው ምክር ክልከላ ነው። በርበሬ አትብላ፣ ቡና አትጠጣ፣ ቲማቲም ተው፣ ሽንኩርት ተው ይባላል፤ ታማሚውም ሳህኑ ባዶ ይሆንበታል። እኔ እንዲህ ያለውን ጅምላ ክልከላ አልደግፍም። በርበሬና ቡና የሚያቃጥሉት ሰው አለ፣ ምንም የማያደርጉት ሰውም አለ፤ እያንዳንዱ በራሱ ላይ ሞክሮ የጎዳውን ብቻ ይቀንስ። ማስረጃው የሚጠነክረው በሌሎች ነገሮች ላይ ነው። ክብደት የጨመረ ሰው ቢቀንስ ቃሩም ይቀንሳል። ከራት በኋላ ቢያንስ 3 ሰዓት ሳይተኙ መቆየት ይረዳል፤ ከምሽቱ 3 ሰዓት ላይ ትልቅ እራት በልቶ 3 ሰዓት ተኩል ላይ አልጋ ላይ መውጣት ጨጓራው በተወጠረበት ሰዓት መጋደም ነው። የአልጋውን የራስጌ እግሮች በጡብ ወይም በእንጨት ከ15 እስከ 20 ሴንቲ ሜትር ከፍ ማድረግም ጥሩ ነው። ትራስ መደራረብ ግን አንገትንና ወገብን ብቻ አጥፎ ሆድን ስለሚጫን የሚጠቅመውን ያህል ሊጎዳ ይችላል። ጨጓራ በግራ በኩል ስለሚንጠለጠል በግራ ጎን መተኛት ከቀኙ ይመረጣል። መቀነትን አጥብቀው የሚታጠቁ እናቶች ቢያላሉት፣ ቀበቶውም እንዲሁ ቢላላ፣ ጨጓራ ላይ ያለው ጫና ይቀንሳል። ሲጋራ የሚያጨስ ቢተው ቃሩን ብቻ ሳይሆን ሳንባውንና ልቡንም ያድናል።

ጾም ላይ የሚነሳው ጥያቄ ተገቢ ነው። ባዶ ሆድ መሆን ብቻውን የቃርን በር አይከፍትም፤ የሚጎዳው ለረጅም ሰዓት ቆይቶ በአንድ ጊዜ ብዙ መብላትና ወዲያው መተኛት ነው። በዐቢይ ጾም እስከ 9 ሰዓት የሚቆይ ሰው ሲፈታ በመጠኑ በልቶ፣ ሌላውን ቆይቶ ቢመገብ ይሻለዋል። ኪኒኑ ከመጀመሪያው ምግብ በፊት መወሰድ ስላለበት ሰዓቱን ከሐኪሙና ከንስሐ አባቱ ጋር ተነጋግሮ ይወስን። በረመዳን የሚጾም ሰው በተምርና በውሃ አፍጥሮ ኪኒኑን ወስዶ፣ ዋናውን ምግብ ከመግሪብ ሶላት በኋላ ግማሽ ሰዓት ያህል ዘግይቶ ሊበላ ይችላል።

ወተት ሲጠጡት ያበርዳል፤ ነገር ግን ካልሲየሙና ፕሮቲኑ ጨጓራውን መልሰው አሲድ ያስመነጩታል፣ ስለዚህ ለመኝታ ሰዓት መድኃኒትነት አይመከርም። የመጋገሪያ ሶዳ አሲዱን ቶሎ ቢያጠፋም በጨው የበለጸገ ነው፤ የደም ግፊት፣ የልብ ወይም የኩላሊት ሕመም ያለበት ሰው ሊርቀው ይገባል። ተልባ የሚያለሰልስ ስለሆነ ለብዙዎች ይመቻል፤ ጉዳት አላይበትም፣ በመድኃኒት ፈንታ ግን አይቆምም።

ለሌላ ሕመም የሚወሰዱ መድኃኒቶችም ይመርመሩ። ለደም ግፊት የሚሰጡት አምሎዲፒንና ኒፌዲፒን በሩን ያላሉታል፤ ይህን ያወቀ ታማሚ በራሱ አያቁማቸው፣ ሐኪሙን ያማክር። ሕመም ማስታገሻዎቹ ዳይክሎፌናክና አይቡፕሮፌን ጨጓራን ያቆስላሉ። ዶክሲሳይክሊን የተባለው አንቲባዮቲክ ያለ በቂ ውሃ ተውጦ ወዲያው ከተተኛ ቧንቧው ላይ ተጣብቆ ያቃጥላል፤ ትናንት ጤነኛ የነበረ ወጣት ዛሬ መዋጥ ሲያመው መጀመሪያ የሚጠየቀው ይህ ነው።

መድኃኒቱን ስለ ማቆም እንነጋገር። እ.ኤ.አ. በ2009 የታተመ የዴንማርክ ጥናት ቃር ፈጽሞ ከሌለባቸው ጤነኞች ከፊሎቹን ለ8 ሳምንት ኢሶሜፕራዞል፣ ሌሎቹን ምንም መድኃኒት የሌለበት ኪኒን አስወሰደ። ካቆሙ በኋላ በነበሩት ሳምንታት ከመድኃኒቱ ወሳጆች 44 በመቶ፣ ምንም መድኃኒት ከሌለው ኪኒን ወሳጆች ደግሞ 15 በመቶ የሚሆኑት የቃርና መሰል ምልክቶች ታዩባቸው። ታፍኖ የቆየው የአሲድ ማመንጫ ሲለቀቅ ለጊዜው ከወትሮው በላይ ይሠራል ማለት ነው። ስለዚህ መድኃኒቱን ባቆሙ በሁለተኛው ሳምንት የተመለሰ ቃር የግድ በሽታው አይደለም። መጠኑን በሐኪም ምክር ደረጃ በደረጃ ዝቅ ማድረግ፣ በመሐል ለሚነሳው ቃጠሎ የሚታኘከውን አብራጅ መጠቀም ይቻላል። በአንጻሩ «ሲ» ወይም «ዲ» ደረጃ ቁስል የታየባቸው፣ የቧንቧቸው ሽፋን ተለውጦ ባሬት የተባለው ለውጥ የተገኘባቸው ሰዎች ማቆም የለባቸውም።

ለዓመታት መውሰድ ያስፈራቸው ሰዎች ይህን ይወቁ። እ.ኤ.አ. በ2019 የታተመው ትልቅ ጥናት ከ17,000 በላይ ሰዎችን ለ3 ዓመት ገደማ ተከታትሎ፣ ፓንቶፕራዞል በወሰዱት ላይ በግልጽ የጨመረው የአንጀት ኢንፌክሽን ብቻ መሆኑን አሳይቷል፤ እሱም ከ1 በመቶ ወደ 1.4 በመቶ ነው። ለሚያስፈልገው ሰው ጥቅሙ ከጉዳቱ እጅግ ይበልጣል። ለማያስፈልገው ግን ትንሽ ጉዳትም አላስፈላጊ ነው፤ ፋርማሲ ገብቶ በራስ ፈቃድ ለዓመታት መግዛትን የማልደግፈው ለዚህ ነው።

በሩን ራሱን የሚያስተካክል ቀዶ ሕክምናም አለ። ሩዶልፍ ኒሰን የተባለው ቀዶ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ አጋማሽ በባዝል ከተማ የጨጓራውን አናት በቧንቧው ዙሪያ ጠምጥሞ የሰፋበት ዘዴ ዛሬም በስሙ ይጠራል። ኢሶሜፕራዞልንና ቀዶ ሕክምናን ለ5 ዓመት ያነጻጸረ የአውሮፓ ጥናት በመድኃኒት 92 በመቶ፣ በቀዶ ሕክምና 85 በመቶ ደህና መሆናቸውን አግኝቷል። ሁለቱም ጥሩ ናቸው። ቀዶ ሕክምናው የሚስማማው አሲዱ በልኬት ለተረጋገጠበት፣ መድኃኒት ለረዳው ግን ዕድሜ ልኩን ሊወስድ ላልፈለገ ወይም ምግቡ አፉ ድረስ ለሚመለስበት ሰው ነው።

እስካሁን ያልነው ሁሉ የሚሠራው አስጊ ምልክት በሌለበት ነው። ምግብ ሲወርድ ደረት ላይ የሚይዘው፣ ሲውጥ የሚያመው፣ ሳይፈልግ የሚከሳ፣ ደም የሚያስመልሰው ወይም ሰገራው እንደ ሬንጅ የጠቆረ፣ ደም ማነስ የተገኘበት ሰው 8 ሳምንት መጠበቅ የለበትም። ይህ ለእኛ የመጽሐፍ ነገር ብቻ አይደለም። ከኢትዮጵያ ተነስቶ እስከ ደቡብ አፍሪካ በሚዘልቀው የምሥራቅ አፍሪካ መስመር የምግብ ቧንቧ ካንሰር በብዛት ይታያል፤ በአገራችን በተለይ አርሲና ባሌ በዚህ ይታወቃሉ። ይህኛው ካንሰር በቃር የሚመጣ አይደለም፤ ከሚጠረጠሩት ምክንያቶች አንዱ እጅግ የሚያቃጥል መጠጥና ምግብ ነው። ዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2016 ከ65 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ በላይ የሚጠጣን ትኩስ መጠጥ ካንሰር ሊያመጡ ከሚችሉት መድቦታል። ሻይና ገንፎ በረድ ሲል ይወሰድ።

ምግብ ደረት ላይ መያዙ የሚጀምረው በደረቅ እንጀራ ወይም በሥጋ ነው፣ ቀጥሎ በለስላሳው፣ በመጨረሻ በውሃ። ብዙዎች ወደ ሐኪም የሚመጡት ውሃው ሲይዛቸው ነው፤ ያኔ ቀዶ ሕክምና አብዛኛውን ጊዜ አልፎበታል። እናትዎ ወይም አባትዎ እንጀራን በውሃ ማወራረድ ከጀመሩ፣ ሥጋውን አኝከው የሚተፉ ከሆነ፣ «ጨጓራ ነው» ሲሉዎት አይስሟቸው፤ በዚህ ሳምንት ኢንዶስኮፒ ወዳለበት ሆስፒታል ይውሰዷቸው።